ህንፃውን አንሱ፣ የሰው ካርድ ግን ተዉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። አንባቢዎች የሚልኩላችሁን የተተዉ ሆስፒታሎች ፎቶ ከማተማችሁ በፊት እባካችሁ አጉልታችሁ ተመልከቱት። ወለሉ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ግድግዳው ላይ የታካሚ ስም ያለበት ወረቀት ከታየ አታውጡት። ከፎቶው ሥር ወደ ቦታው የሚያደርስ አቅጣጫ ከተጻፈም ሰርዙት። ይህን የምለው ፎቶ ስለማልወድ አይደለም። ከሥራ የሚተርፈኝ ጊዜ ሁሉ የሚያልቀው ካሜራ ተሸክሜ ጫካ ለጫካ ስዞር ነው። እንደዚህ ያለ ህንፃ ውስጥም ገብቼ አይቻለሁ።

አብረን የምንወጣ የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች አለን። ዕድሜያችንም ሙያችንም ለየቅል ነው። ገና ተማሪ የሆነ ልጅ አለ፣ ጡረታ የወጡ ነርስም አሉ፤ እሳቸውን ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። ያን ቀን የወጣነው ግንደ ቆርቁር ፍለጋ ነበር። ይቺ ወፍ የቆመ ደረቅ ግንድ ትወዳለች፣ ትሏን የምታገኘው እዚያ ነው፣ ጎጆዋንም የምትፈለፍለው እዚያ ነው። ድምፅዋን ተከትለን ሰው ብዙ ወደማይረግጠው የጫካው ጫፍ ሄድን። ትቆረቁርና ዝም ትላለች። እንደገና ትጀምራለች፣ እኛም እንደገና እንሄዳለን። በመሃል ሲስተር ቆም አሉና “እነዚህ ዛፎች እኮ በተርታ ናቸው” አሉ። እውነትም ናቸው። ጫካ በራሱ ሲበቅል ሰልፍ አይዝም። ቅጠሉን በእግራችን ገለጥ ስናደርገው የተሰነጣጠቀ አስፋልት ወጣ፣ አስፋልቱም ወደ አንድ ትልቅ ህንፃ ወሰደን፤ ሐረግ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ወጥቶበታል፣ አብዛኞቹ መስኮቶች መስታወት የላቸውም፣ ከዋናው በር በላይ ግን ግማሹ የረገፈ ጽሑፍ ሆስፒታል እንደነበር አሁንም ይናገራል።

የዚያን ዕለት አልገባንም። ከውጭ አንስተን ተመለስን። ባለቤቱን አፈላልገን፣ ደብዳቤ ጽፈን፣ ፈቃድ አግኝተን፣ ቦታውን የሚያውቅ ጠባቂ አብሮን እንዲሆን ተስማምተን ነው ሌላ ቀን የገባነው። ይህን የምነግራችሁ ብዙ ሰው በር የሌለው ቤት ባለቤትም የለውም ብሎ ስለሚያስብ ነው። አለው። በሆነ ሰው ወይም በሆነ ተቋም ስም ተመዝግቧል፣ ሳይጠይቁ መግባትም በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል። ደግሞስ ጠባቂው ባይኖር ኖሮ ከደረጃው በስተቀኝ ያለው ወለል ከሥሩ እንደበሰበሰ ማን ይነግረን ነበር? ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም።

ውስጡ ስገባ ያስደነገጠኝ ብርሃኑ ነው። ጨለማ ነበር የጠበቅኩት። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ አንዱ ጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስኮት ነው፣ ክፍሎቹ ሁሉ ወደ ፀሐይ የዞሩ ናቸው። አንድ የመስኮት ደፍ ላይ አረንጓዴ ሽበት እንደ ስፖንጅ ወፍሮ በቅሏል፣ ከመሃሉ አንዲት ችግኝ ወጥታለች፣ ቅጠሏ ሁለት ብቻ ነው። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ትልቁ ክብ መብራት አሁንም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። ጎጆው ከሣርና ከጭራሮ ነው፣ ግን በረጅም ሌንስ ሳየው ነጭ ነገር ተጠላልፎበታል። የፋሻ ክር ነው። ቁም ሣጥኑ ተገልብጦ ወለሉ ላይ ከተበተነው ፋሻ ለቅማ ነው የሠራችው። ያቺን ወፍ አላየናትም፣ ጎጆውም ባዶ ነበር፣ ቢሆንም አልነካነውም። ለተፈጥሮ ፎቶ አንሺ እንዲህ ያለ ነገር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፣ ይህን ፎቶ ለማንም ባሳይ ደስ ይለኛል።

ካርድ ክፍሉ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ተቀየረ። መደርደሪያዎቹ ወደ ፊት ተደፍተዋል። ካርዶቹ ወለሉ ላይ ተዘርግፈዋል፣ ብዙዎቹ ውሃ ጠጥተው አብጠዋል፣ አንዳንዱ ላይ ሻጋታ ወጥቷል፣ የራጅ ፊልሞች ከፖስታቸው ግማሽ ወጥተው ይታያሉ። ከላይ ያለው ካርድ ተከፍቶ ነበር። የሴት ስም አለው። ዕድሜ፣ የባል ስም፣ አድራሻ፣ የሐኪም ጽሑፍ፣ ጠርዙ ላይ በስቴፕል የተያያዘች ትንሽ ጉርድ ፎቶ። በተሰበረው መስኮት የገባው ብርሃን ልክ እሱ ላይ አርፏል። ልጁ ካሜራውን ሲያነሳ አየሁት፣ አልፈርድበትም፣ ብርሃኑ ያጓጓ ነበር።

ሲስተር ክንዱን ያዝ አደረጉት። “እሱን ተወው ልጄ።”

“ሲስተር፣ ይሄ እኮ ያረጀ ወረቀት ነው። ሰዎቹም ሞተው ይሆናል።”

“ሞቱም አልሞቱም፣ ይህን የነገሩት ለእኛ ብለው ነው” አሉት። ለእኛ ሲሉ ለነርስና ለሐኪም ማለታቸው ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ካርዱን ገጹ ወደ ታች እንዲሆን ገለበጡት፣ ሌላ ምንም አልነኩም። ልጁም ካሜራውን አወረደ። ስንወጣ ግን መንገዱን ሙሉ ተከራከርን፣ ደህና ክርክር ነበር፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

እኔ ከሲስተር ጋር ነኝ። ሰው ሐኪም ፊት የሚናገረው ለባሏ ያልነገረችውን፣ ለእናቱ ያላወራውን ነው። ይህን መጠበቅ ትናንት የመጣ ነገርም አይደለም። የሂፖክራተስ መሐላ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሐኪሙ ያየውንና የሰማውን፣ መነገር የሌለበትን፣ በልቡ እንዲይዝ ያስምላል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው የጄኔቫ ቃል ኪዳንም የታካሚ ምስጢር አለ፣ በ1968 ሲሻሻል ደግሞ ታካሚው ከሞተ በኋላም ቢሆን ይከበር የሚል ተጨመረበት። የአሜሪካ ሕግ ሰው ከሞተ ጀምሮ ለ50 ዓመት የሕክምና መረጃው እንዲጠበቅ ያዛል። ይህ ሁሉ ሐኪምንና ሆስፒታልን እንጂ መንገደኛ ፎቶ አንሺን አያስርም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አያስርም። ግን ካርዱ ውስጥ ያለችው ሴት ምስጢሯን የሰጠችው ህንፃው አንድ ቀን እንደሚፈርስና ማንም እንደሚገባበት አስባ አይደለም። ደግሞ ነገሩ እሷ ላይ አያቆምም። የአእምሮ ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ያልተወለደ ልጅ፣ ሰው እነዚህን ነገሮች ከቤተሰቡ ደብቆ የኖረበት ጊዜ አለ። የልጅ ልጇ የአያቷን ስም ከነበሽታው ስልኳ ላይ፣ ከሥሩ ሰው “እንዴት ያስፈራል” ብሎ ጽፎበት ብታገኘው ምን ይሰማታል?

እንዲህ ያለው “ያስፈራል” የሚባል ነገር ለብቻው ያናድደኛል። የተተወ ሆስፒታል ፎቶ ሲወጣ ሁልጊዜ መናፍስት፣ ጩኸት፣ እርግማን ይጨመርበታል። ሆስፒታል ጫካ መሃል ምን ይሠራል፣ ሰው ሊደብቁበት ነው ይባላል። አንዳንዱ ቦታ በእርግጥ ክፉ ነገር ተሠርቶበታል፣ እሱን አልክድም። የብዙዎቹ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሐኪም ለታማሚው የሚሰጠው ንጹሕ አየር፣ ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብና ፀሐይ ነበር። ሄርማን ብሬመር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ጎርበርስዶርፍ በምትባል ተራራማ መንደር የሳንባ ታማሚዎች ማገገሚያ ከፈተ፤ መንደሯ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ሳናቶሪየም የሚባሉት ሆስፒታሎች በጫካና በተራራ ላይ ተስፋፉ። ሮበርት ኮክ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው፣ ግን ማወቅ ሌላ ማዳን ሌላ ነውና ከዚያም በኋላ ሰው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በረንዳ ላይ ተኝቶ አየር ሲስብ ኖረ። በሽታውን የሚያድነው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በ1943 ነው። በ1952 አይሶኒያዚድ የተባለው መድኃኒት ተጨመረ። በኪኒንና በመርፌ የሚድን በሽታ ጫካ አይፈልግምና አልጋዎቹ ባዶ መሆን ጀመሩ። አንዳንዶቹ ሳናቶሪየሞች ሌላ ሆስፒታል ሆኑ፣ አንዳንዶቹ ተዘጉ። እንግዲህ ወፍ ሲከተል የሄደ ፎቶ አንሺ ጫካ መሃል ሆስፒታል ቢያገኝ የሚገርም አይደለም። ሆስፒታሉ ጫካውን ፈልጎ ነው እዚያ የተሠራው። ባዶ የሆነውም ብዙ ጊዜ ሰው ስለዳነ ነው። ይህን እያወቀ አንድ ሰው ባዶ አልጋ አንስቶ የሞት ሙዚቃ ከለጠፈበት ታሪኩን ገልብጦታል።

ያ ያስደነገጠኝ ብርሃንም በአጋጣሚ የገባ አይደለም ማለት ነው። መድኃኒት ነበር። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተውን የፓይሚዮ ሳናቶሪየም ሲነድፍ ያሰበው በጀርባው ተኝቶ ስለሚውል ሰው ነበር። ጣሪያውን ዓይን በሚያሳርፍ ጠቆር ያለ አረንጓዴ አስቀባ። የእጅ መታጠቢያውን ውሃው ሲወርድ እንዳይንኳኳ አድርጎ ሠራው፣ አጠገብ የተኛው ሰው እንዳይረበሽ። እንዲህ የታሰበበት ቤት በቆመ ሰው ዓይን አይገባም። እኔም እኛ በገባንበት ህንፃ ትራይፖዴን ዝቅ አድርጌ ትራስ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ካሜራውን ሳስቀምጥ ክፍሉ ሌላ ሆነ። ከዚያ ሲታይ መስኮቱ ውስጥ ግድግዳ የለም፣ የዛፍ ጫፍና ሰማይ ብቻ ነው። ታማሚው ሲያይ የዋለው ያንን ነው። ለፎቶ አንሺዎች አንድ ምክር መስጠት ካለብኝ እሱን እሰጣለሁ፤ የተቀረው የታወቀ ነው፣ መስኮቱ በብርሃን ብዛት ነጭ ሆኖ ስለሚጠፋ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን እየቀያየሩ ደጋግሞ ማንሳት፣ ፍላሽ አለማብራት። ፍላሽ ክፍሉን ያበላሸዋል፣ የሌሊት ወፍ ካለም ይረብሻል፤ ብርድ ባለበት አገር ከክረምት እንቅልፏ የተቀሰቀሰች የሌሊት ወፍ እስከ ሙቀቱ ድረስ የሚያቆያትን ስብ ታቃጥላለች።

ወደ ሁለተኛው ልመናዬ ልምጣ፣ ቦታውን አትናገሩ ወዳልኩት። እዚህ ላይ ብዙ ፎቶ አንሺ ይቆጣኛል። ውብ ነገር ለብቻችሁ ልትይዙ ነው ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የቦታ ስም ሲወጣ ካሜራ የያዘ ብቻ አይሄድም። መዳብ ሽቦ የሚፈልግ ይሄዳል፣ የራጅ ፊልም ውስጥ ብር ስላለ ፊልሙን የሚፈልግ ይሄዳል፣ ለመስበር ብቻ የሚሄድም አለ፣ ልጆችም ይሄዳሉ። ሆስፒታል ደግሞ እንደ ተተወ ፋብሪካ ወይም እንደ ተተወ ቤት አይደለም።

ብራዚል ውስጥ ጎያንያ በምትባል ከተማ የሆነውን ሁሉም ፎቶ አንሺ ቢያውቀው እመኛለሁ። አንድ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ቦታ ሲቀይር የካንሰር ማከሚያ መሣሪያውን ትቶ ሄደ። መሣሪያው ውስጥ ሲዝየም 137 የሚባል ጨረር የሚያወጣ ዱቄት ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987 ሁለት ሰዎች ግማሹ ወደፈረሰው ህንፃ ገቡ፣ ዋጋ ያወጣል ብለው የመሣሪያውን ራስ ነቅለው ወሰዱ። ቤታቸው ሊፈቱት ሞከሩ፣ ከዚያ የወዳደቀ ብረት ለሚገዛ ሰው ሸጡት። ማታ ዱቄቱ ሰማያዊ ያበራ ነበር። ሰው ተደነቀ። ለዘመድ ለጎረቤት ተከፋፈለ፣ ሰውነቱ ላይ የቀባም ነበር። ሰው በየቤቱ መታመም ሲጀምር የብረት ነጋዴው ባለቤት ነገሩ ከዚያ ዱቄት ሊሆን ይችላል ብላ ጠረጠረች፣ የተረፈውን በከረጢት አድርጋ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ወሰደችው። የእሷ ጥርጣሬ ብዙ ሕይወት አድኗል፣ እሷ ግን ከሞቱት አራት ሰዎች አንዷ ናት። ሌላዋ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ከ112,000 በላይ ሰው ተመረመረ፣ 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ፣ ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተጠርጎ ተወሰደ። የዚህ ሁሉ ምንጭ አንድ ክሊኒክ ሲዘጋ “በኋላ እናነሳዋለን” የተባለ ዓይነት ዕቃ ነው።

ለማስፈራራት አይደለም። ተራ የራጅ ማሽን ከመብራት ከተነቀለ ጨረር አያወጣም፣ ይህን ማወቅም ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ የብረት ሣጥን ባየ ቁጥር መሮጥ የለበትም። ግን የትኛው ማሽን የትኛው እንደሆነ የሚለይ ስንት ሰው አለ? ደግሞ ጨረር ብቻ አይደለም። የቧንቧ መሸፈኛው ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ቃጫማ ማዕድን ይኖራል፣ ብናኙ የሚያመጣው በሽታ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በፎቶግራፍ ዓለም የምንኖር ሰዎች ደግሞ የራጅ ፊልምን ታሪክ ማወቅ አለብን። የድሮው የራጅ ፊልም እንደ ድሮው የሲኒማ ፊልም ከናይትሮሴሉሎስ ይሠራ ነበር፣ በቀላሉ ይቃጠላል፣ ሲቃጠልም የሚገድል ጭስ ይተፋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1929 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ሕመምተኛ በሞላበት ክሊኒክ ምድር ቤት የተከማቸ ፊልም ተቀጣጥሎ 123 ሰው ሞተ፣ አብዛኛውን የፈጀው ጭሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በቀላሉ በማይቀጣጠል ፊልም ተተካ፣ ግን የተተወ ህንፃ ውስጥ የቆመ ፊልም የየትኛው ዘመን እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ሲጋራ እያጨሱ የራጅ ክምር ላይ ተቀምጠው የሚነሱ ሰዎችን ፎቶ ሳይ ያመኛል።

ልጁ በክርክራችን ላይ ያነሳው ጥሩ ነጥብ ነበር፣ እሱን ሳልመልስ አላልፍም። “ሁላችንም ዝም ካልን ታሪኩ አብሮ ይበሰብሳል፣ እነዚያን ሰዎች ማን ያስታውሳቸዋል?” አለ። እውነቱን ነው። መልሱ ግን ዝምታ ወይስ መለጠፍ አይደለም፣ ሁለቱንም የሚያከብር መንገድ አለ፣ የተሠራበትም አለ። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ዊላርድ የሚባል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1995 ሲዘጋ ጣሪያ ሥር ካለው ክፍል ከ400 በላይ ሻንጣዎች ተገኙ። ሰዎች ሲገቡ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው፣ ብዙዎቹ ባለቤቶች እዚያው ኖረው እዚያው ሞተዋል። ሠራተኞቹ አልጣሉትም። የግዛቱ ሙዚየም ተረከባቸው። በኋላ ጆን ክሪስፒን የተባለ ፎቶ አንሺ ሻንጣዎቹን እየከፈተ አንድ በአንድ አነሳቸው፤ ልብስ፣ ደብዳቤ፣ መቁጠሪያ፣ ሰዓት። ሙሉ ስማቸውን ግን አያሳይም። ፎቶዎቹን ያየ ሰው ግን ሰዎቹን አይረሳቸውም። ስም መሸፈኑ ሰውየውን አላሳነሰውም።

ስቴፈን ዊልክስ ደግሞ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ባለው በኤሊስ ደሴት ውስጥ የፈረሰውን የስደተኞች ሆስፒታል ለዓመታት አነሳ። ወደ አሜሪካ ከገቡት ሚሊዮኖች ታመው የተገኙት የሚተኙበት ሆስፒታል ነበር፣ ከተዘጋ በኋላ ዛፍና ሐረግ ወረረው። ፎቶዎቹ ባለሥልጣናት ፊት ቀርበው ህንፃዎቹን ለመታደግ 6 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ረድተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም ሰው በአስጎብኚ፣ የግንባታ ኮፍያ አድርጎ ይገባበታል። ፎቶ ይህን ያህል ሥራ መሥራት ይችላል። እሱ ያነሳው ግድግዳውን፣ ቀለሙን፣ በመስኮት የገባውን ቅጠል ነው፣ የማንንም ካርድ ማሳየት አላስፈለገውም።

ጫካውም ቢሆን መጠረግ የለበትም። በርሊን አጠገብ ያለው ቤሊትስ የሳንባ ታማሚዎች ግቢ ሶቪየቶች ለአሥርት ዓመታት ወታደራዊ ሆስፒታል አድርገውት ከሄዱ በኋላ አብዛኛው ባዶ ቀረ። አንደኛው ህንፃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተቃጥሎ ጣሪያው ላይ ጫካ በቅሎበታል፣ እውነተኛ ዛፎች። አልቆረጧቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዛፎቹ አናት እኩል የሚሄድ የእግር መንገድ ተከፈተ፣ ሰው ፍርስራሹንም ጫካውንም ከላይ ሆኖ ያያል፣ የበሰበሰ ወለል አይረግጥም። ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

አሁን ለባለቤቶች። እኛ የገባንበትን ህንፃ የያዘው ተቋም ስለ ካርዶቹ ስንነግረው መጀመሪያ “እናየዋለን” አለን። ደጋግመን ጻፍን፣ ሲስተርም በአካል ሄዱ። አሁን የካርድ ክፍሉ በር በጣውላ ተዘግቷል። ለዚህ አመሰግናለሁ። ካርዶቹ ግን ዛሬም ውስጥ ናቸው፣ ጣሪያውም ያፈሳል። በዚህ አያያዝ ወይ የሰው ምስጢር አልተጠበቀ፣ ወይ ታሪክ አልዳነ። ሆስፒታል ሲዘጋ አልጋና ጄኔሬተር ተቆጥሮ ይወጣል፣ ዋጋ አለውና። ካርዱም በዚያው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት፤ መቀመጥ ያለበት ወደ መዝገብ ቤት ይሂድ፣ መወገድ ያለበት በአግባቡ ይወገድ፣ ማን እንደተረከበ ይጻፍ። የጨረር ዕቃ ካለ ደግሞ የሚመለከተው ተቆጣጣሪ ሳያነሳው ቁልፍ የሚያስረክብ ኃላፊ መኖር የለበትም።

ለፎቶ አንሺዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። እንደዚህ ያለ ነገር ስታገኙ ካርድ ክፍሉን አልፋችሁ ሂዱ፣ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉ፣ ለባለቤቱ ወይም ለጤና መሥሪያ ቤቱ ንገሩ። ምንም ነገር አንስታችሁ አትውጡ፣ “ማስታወሻ” ብላችሁም ቢሆን። ስልካችሁ ፎቶው ውስጥ የቦታውን ጂፒኤስ እንደሚያስቀምጥ አትርሱ፣ ከመላካችሁ በፊት አጥፉት። ፎቶው ላይ ሳታስቡት ስም ገብቶ ከሆነ ሸፍኑት፣ መሸፈኑ ፎቶውን የሚያበላሸው ከሆነ ተዉት።

እናንተ ደግሞ የዝግጅት ክፍል ስለሆናችሁ ከእኛ የሚበልጥ አቅም አላችሁ። ፎቶ ለመላክ በምታወጡት ማስታወቂያ ሥር አንድ መስመር ብትጨምሩ ይበቃል፤ የታካሚ ስም፣ ካርድና ራጅ የሚታይበት ፎቶ አይወጣም፣ የተተወ ሆስፒታል አድራሻም አይታተምም በሉ። ላኪውንም ፈቃድ አግኝተህ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያነሳናቸውን ጥቂት ፎቶዎች ልኬያለሁ፣ የካርድ ክፍሉ አንድም የለበትም፣ ማተም ከፈለጋችሁ ክፍያ አንጠይቅም። እኛ ደጋግመን አይተናቸዋል፣ ቢሆንም እናንተም አጉልታችሁ ፈትሹልን፣ ያመለጠን ስም ካለ ፎቶው ይቅር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ